እህቴ የቆላችው ድንጋይ

ማዕድን ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው አፉን ሞልቶ መናገር ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ታናሽ እህቴ ያንን ከባድ ቀይ ድንጋይ ይዛልኝ የመጣች ቀን በቅጡ እንኳ ሳላየው፣ «ብረት ነው» አልኳት። «ድንጋይን የሚያቀላው ውስጡ ያለው ብረት ነው። ሚስማር ሲዝግ አላየሽም?»

እህቴ ሸክላ ላይ ጌጥ ትስላለች፤ ቀለሙንም የምታዘጋጀው ራሷ ናት። ድንጋዩን ፈጭታ፣ ቀለሙ እንዲደምቅላት በመጥበሻ ትቆላዋለች። ብረት ያለበት ከሆነ መቆላቱ ጣጣ የለውም። የምትሠራው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዱቄቱን ነፋስ እንዳይወስድባት መስኮቱን ትዘጋለች።

ቀስ በቀስ ጠባይዋ ተለወጠ። በሆነው ባልሆነው ትቆጣለች። እኔ ደግሞ «ዛሬም በግራ ጎንሽ ተነሳሽ?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። ቆይቶ ድዷ መድማት ጀመረ። በመጨረሻ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፀጉር የምታክል መስመር በአንድ ትንፋሽ ትስል የነበረች ሴት ብሩሽ መያዝ አቃታት።

ትናንት ልጠይቃት ሄድኩ። ተኝታ ስለነበር የሥራ ክፍሏን ላጸዳላት ገባሁ። የመጥበሻውን ክዳን ስገለብጠው ብር የመሰሉ ጠብታዎች ተንከባለሉ። ሜርኩሪ ነው። ብረት ሳይሆን ሜርኩሪ የሚያቀላው ድንጋይ እንዳለ ላቦራቶሪያችን የገባ ጀማሪ ሁሉ ያውቃል። ለመለየት ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያቺን አምስት ደቂቃ ለገዛ እህቴ ነፈግኳት።

ስትነቃ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት።

«ብረት አይደለም። ሲቆላ የሚተን መርዝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልመረምር ነው የነገርኩሽ።»

እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የሄድኩበት ሐኪም ድንጋዩን አምጪውና ይመርመር ብሎኝ ነበር» አለች።

«ታዲያስ?»

«ወንድሜ አይቶታል፣ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም አልኩት። ሲጨቀጭቀኝ ተጣልቼው ወጣሁ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ድዴ መድማት የጀመረ ሰሞን።»

ይህ የዛሬ ስምንት ወር ነው። ያን ጊዜ እጇ አይንቀጠቀጥም ነበር።