በዘፈኑ መሃል ያለው ማንኪያ

ኑርሃያት ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጣ፣ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ደግፋ፣ አንዲት ወጣት ስትዘፍን ትሰማለች። ወጣቷ ራሷ ናት፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት። ያ ዘፈን አሁን ጸድቶ እንደገና ሊወጣ ነው።

«ቀና በል፣ ማዶ ነኝ» ትላለች ወጣቷ። ከዚያ ጊታሩም ከበሮውም ጭጭ ይላሉ። እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ቅጭል ማለት ነበረበት። ምንም የለም፤ ዝምታው እንደታጠበ ሳህን ነው።

«ማንኪያው የት ሄደ?» አለች።

የድምፅ ባለሙያው ቱናይ ፂሙን አከክ አከክ አደረገ። «ኑርሃያት አብላ» አለ፣ በቱርክኛ እትዬ እንደማለት። «ዋናው የቴፕ ክር እንደጠፋ ያውቃሉ። ያለን እርስዎ ያመጡት ሸክላ ነው፤ እሱም እዚያች ቦታ ላይ አልቋል። ጭረቱን ስጠርገው ማንኪያውም አብሮ ተጠረገ። የተሻለ ሸክላ ስንፈልግ ከረምን፣ አልተገኘም።»

ያ ማንኪያ የባሏ የሴርሜት ነበር። የባንዳቸው ጊታር ተጫዋች እሱ ነበር፤ ዘፈኑ ሊቀዳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ከካዲኮይ ሰፈር ማመላለሻ መርከብ፣ መርከቡ ወደቡን ሳይነካ ዘሎ ወረደና አንድ እጁን ሰበረ። የኢስታንቡል ወንድ መርከብ እስኪቆም መጠበቅ ውርደት ይመስለዋል። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ የሸክላው ልባስ ላይ ስሙም ፎቶውም የለም። በቀረጻው ቀን እጁን በጀሶ ታስሮ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሻይ ቀረበለት። ዘፈኑ መሃል ላይ ዝምታ እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን በዚያ አገር ሻይ ፊቱ ቀርቦለት ሳያማስል የሚጠብቅ ሰው አልተፈጠረም። ቅጭል፣ ቅጭል አደረገ። ኑርሃያት ዞር ብላ አየችው፤ እሱም ቀና ብሎ አያት፤ እጁ ለአፍታ ቆመ። ሦስተኛው ቅጭል ዘግይቶ መጣ። እንደገና ለመቅረጽ ሰዓት አልነበረም፣ እንዲሁ ታተመ።

ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ ከእጃቸው ወጣ። የሰርግ ባንዶች ወሰዱት፤ ዝምታው ላይ ሲደርሱ ታዳሚው ሁሉ ማንኪያ አንስቶ ብርጭቆውን ይመታል፣ ሦስተኛዋንም ዘግየት ያደርጋታል። የዲስኮ ዘመን ሲመጣ በደወል ተጫወቱት። ከባሕሩ ወዲያ አንድ ግሪካዊ በገዛ ቋንቋው ሲዘፍነው ማንኪያውን ቡዙኪ በሚሉት ያገሩ ባለክር መሣሪያ ተካው። በርሊን የተወለዱ ጸጉረ ረጃጅም ልጆች ደግሞ የመኪና ቸርኬ ሰቅለው በመዶሻ ደበደቡት። ሴርሜት ያንን ሰምቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«አየሽ የኔ ዓለም» አላት። «አንቺን አስተካክሎ የሚዘፍን እስካሁን አልተገኘም። እኔን ግን የማይጫወተኝ የለም።»

ሴርሜት እንቅልፍ እንደወሰደው ከሞተ ወዲህ ኑርሃያት ከሰዓቱን የምታሳልፈው መስኮቱ ሥር ነው። የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ያቺው ቦታ ላይ ታሳርፋለች። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ከዚያ ደግሞ ቅጭል። ወደ ማዶ የሚሄደው መርከብ ጭጋጉን እየገፋ ሲያልፍ ቤቱም ቀስ ብሎ አብሮት የሚንሳፈፍ ይመስላታል። ሴርሜት ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖ ሻዩን ሲያማስል ይሰማታል፤ «ስኳሩን አታብዛው» ልትለው አፏን ትከፍታለች። ዓመታት እንደዚህ ሄዱ። ሸክላውን እዚያች ቦታ ላይ የበላው ሌላ ሳይሆን የራሷ መርፌ ነው። የባሏን ድምፅ በናፍቆት ጨረሰችው። ይህን ግን ለቱናይ አልነገረችውም።

«ዝምታው ባዶውን ከወጣ የዛሬ ልጆች እንደዚያ ይለምዱታል» አለች። «ሴርሜት ደግሞ ከዚያ ሌላ የትም የለም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አያማስሉትም?»

ስንቱ አገር የመታውን ማንኪያ እሷ አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም። ሰርግ ቤት ሁሉም ሲመታ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። የእሱ ነዋ።

ሻይ በተለመደው ወገበ ቀጭን ብርጭቆ መጣ። ስኳር ሐኪም ከልክሏታል፤ ሁለት ጣል አደረገችበት። «ያለ ስኳር ድምፁ ሌላ ነው» አለችና አማሰለች።

«ቆንጆ» አለ ቱናይ። «ሦስተኛው ብቻ ትንሽ ይዘግይ።»

አዘገየችው።

«አሁን ደግሞ እንቅልፍ ወሰደዎት፣ አብላ።»

ደጋገመችው፤ አልሆነም። ማንኪያውን ማስቀመጫው ላይ አኖረችውና ዓይኗን ጠረገች። «እሱ እኮ አስቦ አይደለም ያዘገየው። እንዴት አድርጌ ላመጣው ነው?»

ቱናይ መስተዋት ወደለየው መቆጣጠሪያ ክፍል እየተመለሰ፣ «ዘፈኑን ልክፈትልዎ» አላት።

ማዳመጫውን አጠለቀች። ብርጭቆው ላይ አቀረቀረች። ጊታሩ ከሩቅ መጣ፣ ከበሮው ተከተለው፣ ክፍሉ ከወደብ ተፈትቶ መንሳፈፍ ጀመረ። ወጣቷ ዘፈነች፣ ዘፈነች፣ ከዝምታው በፊት ያለችው ስንኝ ላይ ደረሰች።

«ቀና በል፣ ማዶ ነኝ።»

ቅጭል። ቅጭል።

ኑርሃያት ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ባዶ ወንበር ነበር። እጇ ለአፍታ ቆመ።

ቅጭል።

ቱናይ ከመስተዋቱ ጀርባ ተነስቶ ቆመ። «ልክ እንደ እሱ» አለ በቀስታ።

«አይ ልጄ፣ ይሄ የኔ ነው» አለች ኑርሃያት፣ ጣፋጩን ሻይ እየጠጣች። «እሱ ቀና ሲል ፊት ለፊቱ እኔ ነበርኩ።»