ኤልናታን ቢሆን ኖሮ

"ኤልናታን ቢሆን ኖሮ!" ሶሊ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ብድግ ብሎ ጮኸ። "ኤልናታን ቢሆን ኖሮ ይቺን ኳስ ዓይኑን ጨፍኖ ያቀብላት ነበር!"

መሀል ሜዳ ላይ ኦሞድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ወደ ግራ ክንፍ የሰደዳት ኳስ ማንም ሳይደርስባት ከመስመር ወጥታ፣ ከሜዳው ዳር የሚግጡት ፍየሎች መሀል ገባች። ደጋፊው አጉረመረመ። አንዳንዱ አፏጨ፣ አንዳንዱ ተሳደበ፣ የቀረው የሶሊን ቃል ተቀብሎ "እውነት ነው፣ ኤልናታን ቢሆን" ይባባል ጀመር።

በሪሁን ምንም አላለም። ከማንጎው ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥባት ጉቶ ላይ ሆኖ የልጁ የኤልናታን ስም ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዞር ሰማ። ደረቱን ሞቅ አለው። ወዲያው ደግሞ አፈረ። ኤልናታን ከሞተ ዓመት አልፎታል። በቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም፤ በመሥሪያ ቤትም በሪሁን ሲገባ ሰዎች ወሬ ይቀይራሉ። ስሙ ጮክ ተብሎ የሚጠራው እዚህ ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ኦሞድ ሲሳሳት።

ስለዚህ በሪሁን እሑድ እሑድ ኳስ ሜዳ የሚመጣው ኦሞድ ሲሳሳት ለማየት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ለራሱም ቢሆን እንዲህ በግልጽ ብሎት አያውቅም።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች፣ በየቢሮው በር ላይም አዲስ ታፔላ ከተሰቀለ ወዲህ ከተማዋ ሌላው ያለው ሁሉ እንዲኖራት ፈለገች፤ የኳስ ቡድንም ጭምር። "ባሮ ኮከብ" የተቋቋመው ያን ጊዜ ነው። ስም እንጂ ገንዘብ የሌለው ቡድን ነበር። የሜዳውን መስመር የሚያሰምረው በሪሁን ራሱ ነው። የወባ መከላከያ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ቤት ለቤት መድኃኒት ሲረጭበት ኖሮ ባረጀ ፓምፕ ኖራ በጥብጦ ሣሩ ላይ ይረጫል። ልጁ ኤልናታን የቡድኑ አማካይ ነበር። በሪሁን ለርጭት ኢታንግ ወጥቶ ሳለ ልጁን ወባ ያዘው፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት። አባት የደረሰው ለቀብሩ ነው። የሰውን ቤት ከወባ ሲጠብቅ የራሱ ቤት ተደፈረ። ከተማው ይህን ያውቃል። በሪሁን ሲናገር ሁሉም ዝም ብሎ የሚያዳምጠውም ለዚህ ነው።

የኤልናታን ቦታ ባዶ ሲሆን ቡድኑ ከአቦቦ እርሻ ቡድን ኦሞድን በውሰት አመጣ። የውሰት ተጫዋች ደሞዝ የለውም። የሚያድረው በረኛው ቤት ነው፤ ራቱን ግን ደጋፊው በየቤቱ በተራ ያበላዋል። እሑድ ማታ ተራው የነበሪሁን ቤት ነበር። በሪሁንም እሑድ ማታ ቤቱ የሚገባው ኦሞድ በልቶ መሄዱን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ተጫዋቾቹ ሊታጠቡ ወደ ባሮ ሲወርዱ ደጋፊው ከማንጎው ሥር ተሰበሰበ። የደጋፊው ሰብሳቢ፣ ግብርና ቢሮ የሚሠራው ልዑልቃል፣ ከጎኑ የቆመውን ሰው ወደ መሀል አስገባው። ጌዴዎን ይባላል። የአቦቦ እርሻ የትራክተር ሹፌርና የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ነው።

"ነገሬ አጭር ነው" አለ ጌዴዎን። "የተዋዋልነው ለመጀመሪያው ዙር ነበር። ዙሩ ዛሬ አለቀ። ከፈለጋችሁት ዓመቱን ይጨርስ። ካልፈለጋችሁት ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። የሩዝ አጨዳው ደርሷል፤ ሥራ አለው።"

"ይሂዳ!" አለ ሶሊ። ሶሊ የሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ 'እሺ ጌታዬ' ሲል ሰንብቶ እሑድ ላይ አንደበቱ ይፈታል። "ምን ሠራልን? ኳስ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። እኛው ላይ ሊያገባ ነው እንዴ?"

ሰው ሳቀ። ከሁሉም ኋላ ዓሣ የምትሸጠው አጁሉ ቆማለች። ባዶ ሳፋዋን እንደታቀፈች ወደፊት መጣች።

"ወደ ኋላ የሚሰጠው የፊቱ ሰው ስለሚቆም ነው" አለች። "የናንተ አጥቂ ይቆማል። እግሩ ተተክሏል፣ እንደ ዛፍ። ኦሞድ ለማን ይስጥ? ለፍየል?"

"ለፍየልማ ሰጣት" አለ ሶሊ።

"አንተ ቀልድ ብቻ ነው የምታውቀው። እሱ ሳይመጣ ስንት ጎል ይገባብን ነበር? አሁንስ?"

"አጁሉ፣ የአክስትሽ ልጅ ነው እንዴ?"

"ቢሆንስ? የአክስቴ ልጅ ኳስ አይችልም?" አጁሉ አልሳቀችም። "ልጁ እዚህ የማታ ትምህርት ጀምሯል። አቦቦ ሲመለስ እሱም ይቀራል። ግን እሱን ተዉት፣ ኳሱን ብቻ ልንገራችሁ። ኤልናታን ሮጦ ኳስ ያመጣል። ኦሞድ ይቆማል፣ ኳሷ ወደሱ ትመጣለች። ሁለት ዓይነት ሰው ነው።"

"እኛ የምንፈልገው ያንን ዓይነት ነው" አለ ሶሊ። "እንደ ኤልናታን ያለውን።"

"እናንተ ኳስ አታዩም" አለች አጁሉ። "የሞተ ሰው ነው የምታዩት።"

ሶሊ እንኳን መሬት መሬት ያይ ጀመር። አጁሉ ያለችው ነገር ለራሷም ከባድ ሳይሆንባት አልቀረም፤ ወደ በሪሁን ዞረች።

"ጋሽ በሪሁን፣ ይቅርታ። ልጅህን እኔም አልቅሼለታለሁ። ግን እውነት ነው።"

እውነት መሆኑን ከበሪሁን የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ኦሞድን እንደሱ አተኩሮ ያየው ሰው የለም፤ ስህተት የሚፈልግ ሰው ሳይወድ ችሎታውንም ያያል። ኦሞድ ኳሷ እግሩ ሥር ሳትደርስ ግራ ቀኙን አይቶ እንደሚጨርስ አይቷል። ዛሬ ወደ ፍየሎቹ የገባችው ኳስም ልክ እንደነበረች፣ የቆመው የግራ ክንፉ እንደሆነ አይቷል። ኦሞድ ከቆየ ሌሎቹም አንድ ቀን ያዩታል። ያን ቀን 'ኤልናታን ቢሆን' የሚል ሰው አይኖርም።

"ጋሽ በሪሁን፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አለ ልዑልቃል። "እርስዎ ያሉት ይሁን።"

"ይሂድ" አለ በሪሁን። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። "ጨዋ ልጅ ነው። ግን ለኛ ቡድን አይመጥንም። ይሂድ።"

የተከራከረው ሰው አልነበረም። አጁሉ "እሺ" ብቻ አለችና ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በሪሁንን ማንጎው ሥር መቀመጥ አላስቻለውም። ሰዓቱን ሳያስብ ቤቱ ደረሰ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ከውስጥ ሳቅ ሰማ። የሚስቱ የመቅደላዊት ሳቅ ነበር። እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ብዙ ጊዜ ስለሆነው ለአፍታ የጎረቤት መሰለው። በሩን ሲገፋው ሳቁ ቆመ።

ኦሞድ በረንዳው ላይ ትሪ ከፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። ተነሣ።

"ተቀመጥ፣ ብላ" አለው በሪሁን።

"በልቻለሁ። ጋሽ በሪሁን፣ ሰዎቹ ምን አሉ?"

"ውሰቱ አይቀጥልም። ነገ ከጌዴዎን ጋር ትመለሳለህ።"

መቅደላዊት የውሃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች። ኦሞድ "እርስዎም ነበሩ?" አለው።

"ነበርኩ። ብዙ ሰው ነው የተናገረው። የኔ አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል?"

ኦሞድ አንገቱን ነቀነቀ። አመነው። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "እርስዎ ሰድበውኝ አያውቁም። ሁሉም ሲጮህ እርስዎ ዝም ነው የሚሉት። እኔ ከሜዳ ውስጥ ሆኜ አይዎታለሁ።"

ኦሞድ፣ መቅደላዊት ተው እያለችው፣ የበላበትን ሳህን ራሱ አጠበና እጇን ስሞ ወጣ።

እውነቱን ለመቅደላዊት የነገረቻት አጁሉ ናት፤ በማግስቱ ገበያ ላይ። መቅደላዊት ቤት ገብታ አልጮኸችም፣ አልጠየቀችም። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ራት ታቀርባለች፣ ትተኛለች። ሳምንቱን ሙሉ በሪሁንን ቀና ብላ አላየችውም። ቤቱ ድሮም ዝምታ የበዛበት ነበር። ያኛው ግን የሁለቱም ዝምታ ነበር፤ ይህኛው የሷ ብቻ ሆነ።

እሑድ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። በሪሁን በማለዳ ሄዶ መስመሩን አሰመረ፤ ከሰዓት ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተበላሸ። የመሀል ሜዳው በሩ ክፍት የተተወ ግቢ ሆነ፤ እንግዳው ቡድን እንዳሻው ገባ፣ ወጣ። አንድ ተቆጠረ። ሌላ ተጨመረ። ሦስተኛው ሲገባ ሶሊ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ።

"ኦሞድ ቢኖር ኖሮ!" ሲል ጮኸ። "ኦሞድ ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ይሆን ነበር?"

ባለፈው ሳምንት ያለውን ረስቶት ይሁን አውቆ፣ ትንሽም እፍረት አልነበረበትም። ከኋላ ሌላው ተቀበለው። "ምን ዓይነት ልጅ ለቀቅን እባካችሁ!" "ኦሞድን ያስኬደው ማን ነው?" ይባባላሉ። ማን እንዳስኬደው የሚያውቁት ሰዎች ወደ ጉቶው ላለማየት አንገታቸውን አዞሩ።

በሪሁን ሌላኛውን ስም ጠበቀ። አንድ ሰው እንኳ ይጠራዋል ብሎ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ጠበቀ። ማንም አልጠራውም። ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ፣ ደጋፊው ኦሞድ ኦሞድ እያለ ሲበተን፣ እሱ ብቻውን ቀረ። ልጁን ያስረሳው ኦሞድ እንዳልሆነ፣ ያስረሳው እሱ ራሱ እንደሆነ ገባው። እዚያው ጉቶ ላይ ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አለቀሰ።

ቤት ሲገባ መቅደላዊት በረንዳው ላይ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች።

"ተሸነፍን" አላት።

"ሰማሁ። ጩኸታችሁ እዚህ ድረስ ይመጣል።" ቀና አላለችም። "የማንን ስም እንደጠሩም ሰምቻለሁ።"

አጠገቧ ተቀመጠ። "ያን ዕለት ስገባ ስትስቂ ነበር። ምን ብሎሽ ነው?"

"እሱ ምንም አላለኝም። ተናጋሪዋ እኔ ነበርኩ።" እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እሑድ እሑድ ስለ ኤልናታን ይጠይቀኝ ነበር። 'ቦታው ላይ የምጫወተውን ሰው ማወቅ አለብኝ' ብሎ ነው የጀመረው። እንዴት እንደሚሮጥ፣ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቀው። ያን ቀን የሳቅኩት፣ ኤልናታን በልጅነቱ ፓምፕህን ተሸክሞ የጎረቤት ዶሮዎች ላይ ውሃ የረጨውን ስነግረው ነው። አንተ ስሙን እንዳነሳ አትፈቅድልኝም። ሰፈሩም ይፈራኛል። ልጅሽ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ያ ልጅ ብቻ ነው።"

በሪሁን እስከ ዛሬ ያልጠየቀውን ጠየቀ።

"ታሞ ሳለስ... እኔ ኢታንግ እያለሁ... የተናገረው ነገር ነበር?"

"ነበር።"

"ለኦሞድ ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ለኔ አልነገርሽኝም።"

"ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

"አሁን ጠየቅኩሽ፣ መቅዲ።"

መቅደላዊት ለረጅም ጊዜ አየችው። ሳምንቱን ሙሉ ያላየችውን ያህል አየችው።

"አሁን አልችልም" አለች። "አንዴ ነው ያወጣሁት፤ አልቅሼ፣ አስለቅሼው። ደግሜ ማውጣት አልችልም። ሄደህ እሱን ጠይቀው።"

ፈተናዎቿን ሰብስባ ገባች።

ሰኞ ማለዳ በሪሁን ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ከገበያው ጀርባ ወደ አቦቦ የሚሄዱት መኪናዎች መናኸሪያ ሄደ። ሹፌሩ በየወሩ ለርጭት ስለሚጭነው ያውቀዋል። ከጋቢናው ወርዶ ሰላም ካለው በኋላ እጁን አየና ተገረመ።

"ጋሽ በሪሁን፣ ዛሬ ፓምፕ የለም?"

"ዛሬ ለሥራ አይደለም።"

"እኔ ከሰዓት ተመላሽ ነኝ። የመመለሻ ቦታ ልያዝልዎ?"

በሪሁን እግሩን የጋቢናው መረገጫ ላይ እንዳደረገ ትንሽ አሰበ።

"የሁለት ሰው ያዝልኝ" አለ።

"ሁለተኛው ማን ነው?"

"ኦሞድ፣ ኳስ ተጫዋቹ።"

"ይመጣል እንዴ?" የሹፌሩ ፊት በራ። "መጥራታችሁን ያውቃል?"

"አያውቅም። ያባረርኩት እኔ መሆኔንም አያውቅም። መጀመሪያ ይህንኑ ነው የምነግረው። ከሰማ በኋላ ላይመጣም ይችላል።"

"ታዲያ ባይመጣስ? ቦታውን ለሌላ ሰው ልስጠው?"

"አትስጠው" አለ በሪሁን ወደ ላይ እየወጣ። "ባዶውንም ቢመለስ እኔ እከፍላለሁ።"