ቀድሞ የሚተከለው ድንኳን

የዕድራችን ድንኳን ሰው ሳይሞት ራሱን መትከል የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። የዕድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነኝ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቴ አይወርድም። ቆልፌበት የሄድኩት ድንኳን ጠዋት አቶ ይመኑ ደጃፍ ላይ ገመዱ ተወጥሮ፣ ካስማው ተመትቶ ተገኘ። አቶ ይመኑ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ወጥተው አዩትና «ለማን ነው?» አሉ። ነቅለን መለስነው። በማግስቱም እዚያው ቆሞ አገኘነው። ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያው ኢንሱሊን አለቀበትና አቶ ይመኑ ሞቱ። ለቀስተኛውም ተዘጋጅቶ በጠበቀው ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ወይዘሮ አለሚቱ ደጅ ተተከለ። ጠበል ረጨንበት፣ አልተነቃነቀም። የሴትዮዋ ልጆች ግን ያላቸውን ሸጠው እናታቸውን ወንዝ ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ጤና ጣቢያችን የሌለውን መድኃኒት እዚያ ባገኙበት ቀን ድንኳኑ ገመዱን ፈታ፣ ተጣጠፈና ወደ መጋዘን ተመለሰ። ያኔ ገባን። ድንኳኑ የፈጣሪን ፈቃድ አያውቅም። የሚያውቀው የጤና ጣቢያውን በጀት ነው።

ይህን ያወቀ ሰው እንዴት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? የከተማው ዕድሮች ተሰባስበን ኅብረት መሠረትን፤ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ድንበሩ ሊቀመንበር ሆኑ። ሥራችን መቅበር ነው፣ ዘንድሮ ግን እንዳንቀብር እንለምን ተባባልን። እኔ ደግሞ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ልጄ ስንዱ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች። አዋላጇ «ያለ ቀዶ ሕክምና አትወልድም» ብላናለች። መውለጃዋ ነሐሴ ነው፤ በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ማዶ መሻገር የለም፤ ቀድሜ ወስጄ እዚያ እንዳላቆያት አቅም የለኝም። ጤና ጣቢያችን የቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። ተመርቋል፣ ሪባኑም ተቆርጧል። ውስጡ ግን ሐኪምም አልጋም የለም፤ በጀት አልተያዘለትም።

የከተማው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ፋንታዬ በትሕትና ተቀበሉን።

«ድንኳኑ ቀድሞ ይተከላል ነው የምትሉኝ?»

«አዎ» አሉ አቶ ድንበሩ።

«ሰውዬውስ?»

«ተከትሎ ይሞታል።»

አቶ ፋንታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህማ የሚደነቅ ቅድመ ዝግጅት ነው። ተሞክሮው ተቀምሮ ለሌሎች ከተሞች መስፋት አለበት።»

«እኛ የምንጠይቀው መድኃኒት ነው። ያ ክፍል ይከፈት ነው የምንለው።»

«በጀት ውስን ነው፤ በሂደት ይፈታል።»

«ሞት ሂደት አይጠብቅም» አልኩ።

«አስተያየትዎን በግብዓትነት ወስደነዋል፣ እናቴ» አሉኝ።

ዓመቱ እንዲህ አለቀ። ስብሰባ ይጠሩናል፤ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል፣ እንናገራለን፣ ይጨበጨብልናል። አቶ ድንበሩ ጭብጨባው መልስ እየመሰላቸው በደስታ ይመለሱ ነበር። የካቲት ላይ ሞዴል ኅብረት ተብለን ተሸለምን። ድንኳኑ ግን ከደጅ ደጅ መዞሩን አልተወም። አንዳንዱን በዕድሩ ገንዘብ ማዶ አሻገርን፤ ካዝናው ሲራቆት የቀረውን ቀበርን። ተናደድኩ። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ሰኔ ሲያልቅ ምክር ቤቱ በጀት ሊያጸድቅ ተቀመጠ፤ ገብተን እንድንናገር ተፈቀደልን። በዚያው ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ ደጃፉ ላይ የሰነበተበት አንድ አናጺ አርፎ ነበር። ከቀብር መቅረት በዕድር ሕግ ያስቀጣል፤ ከቅጣቱ ደግሞ ሐሜቱ ይብሳል። ከመሀላችን አንድ ሰው ወደ ምክር ቤት እንላክ ያለ የለም። አቶ ድንበሩ «ቀብረን እንደርሳለን» አሉ፤ ሁላችንም ተከተልናቸው።

አልደረስንም። የመቃብሩ ጭቃ ጫማችን ላይ እንዳለ አዳራሹ በር ላይ ስንቆም ወንበር እየተሰበሰበ ነበር። አቶ ፋንታዬ ወጥተው አንድ በአንድ ጨበጡን።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጥያቄያችሁ ተመልሷል።»

«ክፍሉ ሊከፈት ነው?» አልኩ።

«እሱ ለሚመጣው ዓመት ተላልፏል። ለእናንተ ግን አዳዲስ ድንኳኖች ተፈቅደዋል። በአንድ ድንኳን ስትቸገሩ አይተናል።»

እኔ ተሳደብኩ። ምን ብዬ እንደተሳደብኩ እዚህ አልጽፍም፤ ይበላቸው።

ድንኳኖቹ ሐምሌ ውስጥ በጭነት መኪና መጡ። መኪናው በቅጡ ሳይቆም ራሳቸው ወረዱ። እስከዚያ ቀን ራሱን የሚተክል ድንኳን አንድ ስለነበረ የሚያሳየን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወረፋ የሚጠብቀው ምን ያህል እንደሆነ አላወቅንም። አዲሶቹ በየመንገዱ ተበተኑ። ካስማ ሲመታ ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር፤ መዶሻ የያዘ ሰው ግን አልነበረም። ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ ተጠያየቀ።

«አንቺም ጋ መጣ?»

«እኔም ጋ።»

ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ስንዱ ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ነጭ ድንኳን ተወጥሯል። ተንበርክኬ ካስማውን ያዝኩት። ጥፍሬ እስኪደማ ታገልኩ፣ አልነቀል አለኝ።

«እማዬ፣ እሱን ተይው» አለች ስንዱ። «ይልቅ ያንን እዪው።»

ከትልቁ ድንኳን ጎን ሌላ ቆሟል። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ድንኳን የሚተክል ዕድር እኔ አላውቅም። ገመዶቹ እንደ ክር ቀጥነዋል፣ ካስማዎቹ ጣት ያክላሉ። ሸራው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ነፋስ ግን አልነበረም።