ከመስኮቱ በኩል ጀምሪ

የሲንሮንግ ሥራ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈጠነ ከነገው የሶፍትዌር እትም ይወጣል። ስምንት ወር የለፋችበት ነው። ፕሮግራም የሚተረጉመው ኮምፓይለር ማሽኑ የሚያስኬደውን ባይትኮድ ሲያዘጋጅ፣ የእሷ ሥራ የትኛው መረጃ ኋላ እንደሚፈለግና የትኛው እንዳበቃለት ይለያል፤ ያበቃለትን ቦታ ለሌላ ይሰጣል። አይሳሳትም። ረጅም ፕሮግራም ሲሰጡት ግን አርባ ሰከንድ ይፈጃል።

«አረንጓዴ ብስኩት አላስቀመጥሽለትማ!» አላት አለቃዋ ጋሼ ኩንሆንግ፣ ሰርቨሩ ላይ የተደረደሩትን የብስኩት ከረጢቶች እያሳየ። በአገሩ ልማድ ማሽን እንዳያስቸግር አረንጓዴ ከረጢት ብስኩት ይቀመጥለታል፤ ቢጫ ካዩበት ጉድ ነው።

«ሁለት አስቀምጫለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ከታች የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃ ተሰማ። ሲንቹ ከተማ ውስጥ ያን ዜማ ሰምቶ የሚቀመጥ የለም፣ ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ መኪናው ማንንም አይጠብቅም። የጽዳት ሠራተኛዋ አክስት ሹማን ካርቶን አንስታ በሩ አጠገብ ያለውን ኩንሆንግን ጠየቀችው።

«ይጣል?»

«ቦያን ካልፈለገው።»

መሃል የተቀመጠው ባልደረባቸው ቦያን ደግሞ፣ «ሲንሮንግ ካልፈለገችው» አለ።

«እኔ አልፈልገውም፣ አክስቴ» አለች ሲንሮንግ ከመስኮቱ ሥር።

አክስት ሹማን ወደ በሩ ተመለሰች። ሌላ ካርቶን አነሳች፤ ያው ዙር፣ ያው መልስ።

«እናንተ ልጆች እግሬን ልትጨርሱት ነው! ከመስኮቱ በኩል እጀምራለሁ፤ ሐሳቡን የለወጠ ካለ እሱን ብቻ ደግሜ እጠይቃለሁ!»

ሲንሮንግ ክው አለች። መረጃው ይፈለግ እንደሆነ የሚያውቀው ኋላ ያለው የፕሮግራሙ መስመር ነው። እሷ ግን የመስመሮቹን ዝርዝር ከሌላ የኮምፓይለሩ ክፍል እንዳለ ወስዳ ከፊት ትጀምር ነበር፤ መልሱ በየዙሩ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ወር የተማረችው ነገር!

ጎንበስ ብላ ስድስት መስመር ቀየረች። ከኋላ መጀመር። መልሱ የተለወጠበትን ብቻ መድገም።

«ስንት?» አለ ኩንሆንግ።

«ሁለት ሰከንድ።»

«ውሸታም!» ወንበሩን እየገፋ መጣ። ፈተናዎቹን ሁሉ አስኬደ፤ አንድም የወደቀ የለም። «እትሙ ውስጥ አስገቢው እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?»

አስገባችው። ከዚያ በቢሮው ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀዋ ሲንሮንግ መስኮቱን ከፍታ ጮኸች። «አክስቴ! ገባ!»

ካርቶኖቹን ይዛ የወረደችው አክስት ሹማን መኪናውን ከከበቡት ጎረቤቶች መካከል ቀና አለች። «ምኑ? መኪናው ውስጥ?»

«ሥራዬ!»

መንገዱ ላይ የቆሙት ሁሉ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ አጨበጨቡላት።