ባለቤቴ ሰማይ ላይ ያስቀመጠችው ገንዘብ

የምሠራው የስልክ ታወር ላይ ነው። አንቴና የምሰቅለው፣ የተበላሸውን የምቀይረው እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ «ጦጣው» ይሉኛል፤ አልቀየማቸውም። የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ታወር ድሮ ቀረ፣ ተራውን ስልክ በቀጥታ ከሳተላይት እናገናኛለን» የሚሉ ኩባንያዎች። ስማቸው ሲነሳ ደሜ ይፈላል። እኔን ከነመወጣጫ ቀበቶዬ ሜዳ ላይ ሊጥሉ የመጡ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት እራት እየበላን ዜና ሰማሁ። የአንዱ ኩባንያ አዲስ ሳተላይት ሰማይ ከደረሰ በኋላ አንቴናው አልዘረጋ ብሏል። አክሲዮኑም ወድቋል።

«እሰይ! የሥራቸውን አገኙ!» ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ውላም እራት ላይ ወሬዋ አያልቅም። ያን ዕለት ግን እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ገንዘባችን እዚያ ነው ያለው።»

«የት?»

ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች።

ከቤት ኪራይ ይገላግለናል ብለን ባጠራቀምነው ገንዘብ የዚያን ኩባንያ አክሲዮን ገዝታበታለች ለካ። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ሌላው ነገር ነበር የከነከነኝ።

«ቆይ፣ አንቺ የማን ሚስት ነሽ? ለነሱ ሲያልፍላቸው እኔ ሥራ እንደምፈታ አታውቂም?»

«አሳምሬ አውቃለሁ። ለዚያ አይደል የገዛሁት!»

«ለዚያ ስትዪ?» አልኳት።

«ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልቤ ካንተ ጋር እላይ ይንጠለጠላል» አለች። «ኮሌታ አጣምሜ እሰፋለሁ፣ ደንበኛ ይመልስብኛል። ተው ብልህ አትሰማ። ታወሩ ካልቀረ ይሄ ሰውዬ አይወርድም ብዬ ነው።»

«ሥራ ፈት ባል ምን ያደርግልሻል?»

«ይጨቅጭቀኝ። መሬት ላይ ሆኖ ይጨቅጭቀኝ።»

ልቆጣ ብዬ አቃተኝ። ሰው ስንቱን አስቦ ገንዘቡን ያፈሳል፤ እሷ እኔን ብላ ነው። እኔን ብሎ ይህን ያህል የደፈረ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

«በቃ በለኝና የተረፈውን ልሽጠው» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ይደር» አልኳት።

በማግስቱ ከባልደረቦቼ ጋር የሄድንበት ታወር ኮረብታ ላይ ነው። ነፋሱ ኮፍያዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከቁም ነገርም አልቆጥረውም ነበር። ቀበቶዬን ታጥቄ የመጀመሪያው ብረት ላይ እግሬን አሳረፍኩ፤ ከዚያ መልሼ አወረድኩት።

«ምነው ጦጣው፣ ፈራህ እንዴ?» አለ ፎርማኑ።

«አዎ። ነፋሱ ጋብ ሲል እወጣለሁ።»

ተሳሳቁብኝ። ይሳቁ! መኪናው ጥግ ተከልዬ ለባለቤቴ ደወልኩላት።

«ልሽጠው?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«እንዳትሸጪው።»

«ዛሬም እኮ ወድቋል።»

«ይውደቅ። እሱ ወድቆም ይነሳ ይሆናል» አልኳት። «እኔ እንደሆነ ዛሬ አልወጣሁም። ነፋስ አለ።»

ከወዲያ የስፌት ማሽኗ ድምፅ ቆመ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«አንቺን የሰጠኝ ይመስገን» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«እስቲ እዚያው መሬት ላይ እንደቆምክ» አለች፣ «አንዴ ድገመው።»