ቀይ መስመር ያለባት ሪሌ

የመኪናው ሞተር እየሠራ የትናየት ከባትሪው የሳበችውን ሽቦ ስታስነካው የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ጠቅ አለና መዞር ጀመረ። ጠዋት ሞቷል የተባለው ይኸው ኮምፕሬሰር ነበር።

«ጋሽ ዝናቡ፣ ይዞራል እኮ» አለች።

ሙያውን ሰቆጣ ባለው ጋራዣቸው ያስተማሯት ዝናቡ ናቸው፤ ሌላ ኮምፕሬሰር ከወልድያ ይምጣ ያሉትም እሳቸው። ጠጋ ብለው አዩ።

የአሮጌው ላንድክሩዘር ባለቤት ካሳ ግን ወልድያን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ነገ ከሰቆጣ ቁልቁል ዝቋላ ቆላ ውስጥ የእህቱ ልጅ አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና ይነሳል፤ አርባ ደግሞ አይገፋም። የካሳ እናት እማማ ወለተ ሚካኤል ደግሞ አስም አለባቸው። መስኮት ሲከፈት አቧራው፣ ሲዘጋ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል። ኤሲው ካልተሠራ ይቅሩ ቢላቸው ገና በጠዋቱ መኪናው ውስጥ ገብተው አልወርድም አሉ።

ኮምፕሬሰሩ ደህና ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ጋ ነው። የትናየት ፊውዙን ፈተሸች፤ ደህና ነው። ጋዙንም ዝናቡ ለክተውታል። ኤሌክትሪኩን የምታገናኘውንና የምታቋርጠውን ትንሽ ሣጥን፣ የክላክሱን ሪሌ ነቀለችና የኤሲውን ሪሌ አውጥታ በቦታው ሰካችው። ኮምፕሬሰሩ በራሱ ተነሳ፤ ከዳሽቦርዱም ቀዝቃዛ አየር መጣ።

«ተባረኪ ልጄ፤ የጥር ብርድ ነው ያመጣሽልኝ» አሉ እማማ ወለተ ሚካኤል እጃቸውን ዘርግተው።

የትናየት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ጥርስ በጥርስ ሆነች። ከመሳቢያዋ ሌላ ሪሌ አምጥታ ለክላክሱ ከሰካች በኋላ ከኤሲው ያወጣችውን የተቃጠለ ሪሌ አገላብጣ አየችው። ጀርባው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የተሰመረ መስመር አለ። ተለማማጅ ሳለች የተቃጠለ ሪሌ ላይ እንደዚያ የምታሰምረው እሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት የካሳ ክላክስ እምቢ ሲል፣ በሰቆጣ ብርድ ኤሲ ማን ይከፍታል፣ ለጠመዝማዛው መንገድ ክላክስ ይበልጣል ብላ ሁለቱን አቀያይራ ነበር። በኋላ አስተካክለዋለሁ እንዳለች ረሳችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ዝናቡ ሪሌውን ከእጇ ተቀበሉ። «ይሄን የሰካ ሰው ሙያ አለኝ ይላል?»

ካሳ ባለፈው ዓመት ፍሬን የሠራለትን ሰውዬ ጠረጠረ። ዳግመኛ ደጁን እንደማይረግጥ፣ ለሹፌሮቹም ሁሉ እንደሚነግር ዛተ።

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«የሰውየውን ስም አታጥፋ፤ እኔ ነኝ» አለች የትናየት። «ክላክስህ ሲበላሽ የኤሲውን ሪሌ ወስጄ ይቺን የተቃጠለች የሰካሁት እኔ ነኝ።»

ካሳ ወደ ዝናቡ ዞረ። እሳቸው ሪሌውን መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ካሳ፣ ከዛሬ ወዲያ የኤሌክትሪክ ነገር ሲያጋጥምህ እሷ ጋ ሂድ» አሉ። «ደህናውን ኮምፕሬሰር ሞቷል ብዬ በቁሙ የቀበርኩት እኔ ነኝ።»