ጣት የምታህል አንቴና

የመሥሪያ ቤታችን ጀልባ ነጂዎች አንቴና ሰባሪዎች ነበሩ። የእጅ ሬዲዮው ዘንግ ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ገመድ ይጠልፈዋል፣ ጆንያ ይጫነዋል። እኔ ሸዋዬ፣ የባሕር ዳሩ ቢሮ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ሰባት ጊዜ ተክቼ በስምንተኛው መረረኝ። ከተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈትቼ በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ጠመጠምኩት። ስቆርጥ፣ ስለካ አሥራ አንድ ቀን ፈጀሁ። ጣት የምታህል አንቴና ወጣችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንደ ልጄ ወደድኳት።

አለቃችን ጓድ አምሐ ግን ሳቁ። «ይቺ ናት ከደቅ ደሴት የምታነጋግረኝ? ዛሬ ካልሠራች ነገ ወደ ጽሕፈት መኪናሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ታግዬ የተላቀቅኩት መኪና ነው። የናቁት ያደርጋል ራቁት አልኩ፣ በሆዴ።

ሬዲዮውን ይዘው ደቅ የተሻገሩት ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ጋሽ ገብረ መስቀል ናቸው። አራት ሰዓት ላይ ከቢሮ ጠራኋቸው።

«ደኅና ገባሁ ልጄ! ጀልባዋንም አሰርሁ» አሉ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው።

ጓድ አምሐ ማነጋገሪያውን ተቀበሉኝ። «ጓድ ገብረ መስቀል፣ እኔ ነኝ!» ሽሽሽ ብቻ። ደገሙ። ሽሽሽ። እኔ ስጠራ ጥርት፣ እሳቸው ሲጠሩ ሽሽሽ!

«ሬዲዮሽ ሰው ትመርጣለች?» አሉና ወደ ታይፒስቶቹ ክፍል አዩ። 

ድንገት ጋሽ ገብረ መስቀል ከአለቃ ደብዳቤ ሲቀበሉ በዓይነ ኅሊናዬ ታዩኝ፤ ብድግ ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጅ። ማነጋገሪያውን ነጠቅኩ።

«ጋሼ፣ ከጓድ አምሐ ጋር ሲነጋገሩ ግራ እጅዎ የት ነው?»

«ሬዲዮኑን ከአናቱ ደግፌበት ነዋ!»

ረጅሙን ዘንግ መዳፍ አይሸፍነውም፤ የእኔዋን ግን አፍኗታል!

«ያውርዱት፣ ጋሼ!»

«ለአለቃ በአንድ እጅ? ኧረ ነውር ነው!»

ጓድ አምሐን አየኋቸው። ጥቂት አመነቱና ማነጋገሪያውን ወሰዱ። «ጓድ ገብረ መስቀል፣ በአንድ እጅ ያናግሩኝ። ትእዛዝ ነው!»

«አወረድሁ ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ!» ድምፃቸው ቢሮውን ሞላው። ታይፒስቷ ባንቺአየሁ ከክፍሏ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔንም ደስታው አስለቀሰኝ።

«ለሁሉም ጀልባ ሥሪ» አሉ ጓድ አምሐ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ እንዴት እንደምትያዝ ሳላስብ ሠርቻታለሁ። ስለዚህ ከሬዲዮው ሥር ለግራ እጅ የሚሆን የቆዳ መያዣ ሰፋሁለት። በሳምንቱ ጋሽ ገብረ መስቀል ከደቅ፣ ብድግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ለአለቃቸው ሪፖርት አደረጉ። አንዲት ቃል አልጠፋችም።